ጅቡ በየት በኩል ይለፍ?

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱ ሳይመካከሩ ስለ ወንዝ ዳር ጠይቀዋል። መዘዙን የጎተትኩት እኔው ነኝ። ባለፈው እትም ስለ ከተማ ፕላን ስጽፍ «የሥነ ምህዳር ኮሪደር» የምትል ሐረግ ጣል አድርጌ ሳላብራራ አለፍኩ። ዛሬ ዕዳዬን ልክፈል።

ጥያቄ፦ እህቴ እንደምን ከርመሻል? እኔ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ተወልጄ ያደግኩ፣ እዚያው ልጆች ያሳደግኩ የስድሳ ሁለት ዓመት ሴት ነኝ። እኛ ኮሪደር ሲባል የምናውቀው መንገድ ማስፋቱን፣ ንጣፉንና መብራቱን ነው። የአንቺው ሌላ ነው? ደግሞም ልጅ ሳለን ጅቡ የሚጮኸው ከታች ከገደሉ ነበር። አሁን ልጄ ሌሊት ከሥራ ሲገባ አስፋልቱ ላይ፣ የቆሻሻ ገንዳው ሥር ያገኘዋል። ለአውሬ መተላለፊያ ይጠበቅ ስትዪ ጅብ ይምጣብን ማለትሽ ነው?
ወ/ሮ ብ.፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ አዲስ አበባ ውስጥ «ኮሪደር» ብሎ ሌላ ነገር እንዲታሰብ መመኘት ከንቱ ነው፤ ቃሉን መንገዱ ወስዶታል። ስለዚህ እርስዎ እንዳሉት «መተላለፊያ» እላለሁ። በእኔው መተላለፊያ የሚያልፉት ሌሎች ናቸው፤ ውኃ፣ ዘር፣ ንብ፣ ወፍ፣ ጦጣ፣ ካነሡት አይቀር ጅብም። መንገደኛውና እነዚህ አንድ መሬት ላይ የሚገናኙበት ጊዜ ግን ብዙ ነው። ጭቅጭቁም የሚነሣው ያኔ ነው።

እኔም ያደግኩት ቀበና ወንዝ ዳር ስለሆነ የምነግርዎትን ግማሹን ያውቁታል። የእንጦጦ ጀርባ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ ይላል። በሰሜን በኩል የወረደ ዝናብ ወደ ዓባይ፣ በእኛ በኩል የወረደው ወደ አዋሽ ይሄዳል። የእኛው ቀበና፣ ግንፍሌ፣ ቀጨኔ፣ ባንትይቀጡ እየተባለ ከተማውን ሰንጥቆ ይወርድና በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተሰብስቦ አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባል። ከተራራው ጫፍ እስከ አቃቂ ሜዳ ቁልቁለቱ ወደ 1,000 ሜትር ይጠጋል። ከብርዳማው ደጋ እስከ ሞቅ ወዳለው ሜዳ የተዘረጋ መሰላል ማለት ነው። ከተማዋ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር መሰላሉ ነበረ። እስከ ቅርብ ጊዜ የቆየውም የሚያስብለት ሰው ስለነበር አይደለም። ገደል ስለሆነ ቤት አላሠራ ብሎ ነው።

አሁን ሰፈርዎን እንደ ወፍ ከላይ ይመልከቱት። ወደ 40 ሄክታር የሚሆነው፣ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ ያለው የፈረንሳይ ኤምባሲ ግቢ አለ። ብዙም ሳይርቅ የእንግሊዝ ኤምባሲ ደን አለ። ጥድና ወይራ የቆመባቸው የቤተ ክርስቲያን ቅጥሮች አሉ። ከላይ እንጦጦ አለ። እያንዳንዱ ደሴት ነው። ዋኔ ከደሴት ደሴት በርራ ትደርሳለች፤ የወይራ ፍሬ በልታ ገደሉ ላይ ትጥልና ማንም ያልተከለው ወይራ ይበቅላል። ጦጣ ግን አራት ረድፍ መኪና በርራ አታልፍም። እንቁራሪትማ ጭራሽ። ደሴቶቹን እንደ ዶቃ የሚያያዝላቸው ክር የቀበና ሸለቆ ነው። ክሩ አንድ ቦታ ከተበጠሰ ዶቃው ሁሉ በየቦታው ይቀራል፤ በመጀመሪያው ዓመት ማንም አያስተውልም፤ በሃያ ዓመቱ «ድሮ እኮ እዚህ ጦጣ ነበር» እንባባላለን።

ወደ ጅቡ ልመለስ። ጅብ በሌሊት ከጉድጓዱ ወደ ምግቡ፣ ከምግቡ ወደ ጉድጓዱ ይመላለሳል። ድሮ ከታች ይሄድ ነበር፤ እርስዎም ድምፁን እንጂ እሱን አያዩትም። ከዚያ ገደሉ ውስጥ የግንባታ ፍርስራሽ ተደፋ፣ አጥር እስከ ውኃው ወረደ፣ ድልድይ በነበረበት ቱቦ ተቀበረ። መንገዱ ሲዘጋበት ጅቡ ከከተማ አልወጣም፤ ወደ እርስዎ አስፋልት ወጣ። ከላይ ደግሞ አፉን የከፈተ የቆሻሻ ገንዳ ጠበቀው። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይምጣብን ሳይሆን በታች በኩል ይለፍልን ነው።

ጅብን አላቆነጅልዎትም። ሜዳ ላይ ለሚያድር ሰውና ለሕፃን አደገኛ ነው። ግን ሥራም ይሠራል። መቀሌ ዙሪያ የተካሄደ ጥናት በከተማዋ ዳርቻ ያሉ ጅቦች በዓመት ወደ 207 ቶን የከብት ጥንብ እንደሚያነሡ ገምቷል፤ በዚህም አባ ሰንጋን የመሰለ በሽታ ከሰውም ከከብትም ይቀንሳል። ለሰፈርዎ የምለው ይኸው ነው፦ ገንዳው ክዳን ይኑረው፤ ሳይመሽ ይነሣ፤ የላይኛው መንገድ ይብራ፤ ሸለቆው ይጨልም።

የመጨረሻዋን ሳልጽፍ ብቀር ደስ ባለኝ፤ ምክንያቱም የምታስቀይማቸው ሰዎች ወዳጆቼ ናቸው። በ2011 ዓ.ም. ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር ወንዝ ዳር ለማልማት ዕቅድ ሲወጣ በደስታ ካለቀሱት አንዷ ነኝ፤ ሽታውን ለምዶ ያደገ ሰው ይገባዋል። በለሙት ቦታዎች የልጅ ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ነገር ግን ግራና ቀኝ የተደረደረ ድንጋይ፣ አጭር የተከረከመ ሣርና ሌሊቱን ሙሉ የሚበራ መብራት ለእኛ መናፈሻ ቢሆንም ለእንቁራሪቷም ለጅቡም ግድግዳ ነው። ወንዙ ሁለት ዳር አለው። አንዱ ለእኛ ይሁን፤ ንጣፉም ወንበሩም እዚያ ይግባ። ሌላኛው ዳር ቀጋ፣ አጋም፣ ግራዋና ሸምበቆ ይብቀልበት፤ አይብራ፤ አይከርከም። ከዚህ በርካሽ የሚሠራ ልማት አላውቅም።

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። በሸዋ አንድ በፍጥነት በሚያድግ ከተማ በፕላን ሙያ የተቀጠርኩ ወጣት ነኝ። መዋቅራዊ ፕላኑን እያደስን ነው። በከተማችን መሐል ለሚያልፈው ወንዝ ስንት ሜትር ልተው? አለቃዬ 15 ይበቃል ይላሉ። ዩኒቨርሲቲ ያስተማረን መምህር 50 ይል ነበር። ፋብሪካ የሚተክል ባለሀብት በየሳምንቱ ይመጣል፤ ሁሉም ውኃ ዳር ነው የሚፈልገው። እርስዎ ቢሆኑ ስንት ያሰምራሉ?
ዮ.

መልስ፦ ልጄ፣ መጀመሪያ ስለ ራሴ ላጫውትህ፤ ከዚያ ስለ ሜትሩ እናወራለን።

በ1990ዎቹ መጨረሻ፣ ከተማውን አልጠራልህም፣ ለአንዲት ጅረት ግራና ቀኝ 30 ሜትር አስምረን ነበር። አንድ ሰው የብረታ ብረት ወርክሾፕ ነበረው፤ ግንቡ መስመሩን 11 ሜትር ዘልቆ ገባ። ስምንት ሠራተኛ ያስተዳድራል፤ ሰው አክባሪ፣ ግብሩን ከፋይ ነው። ቢሮዬ መጥቶ «እትዬ፣ ለ11 ሜትር ብላችሁ ስምንት ቤተሰብ ትበትናላችሁ?» አለኝ። አዘንኩ። መስመሩ ለእሱ ይዞታ ብቻ፣ ለ40 ሜትር ርዝመት ብቻ እንዲታጠፍ በፊርማዬ አስማማሁ። ማንም ጉቦ አልሰጠኝም፤ ማንም አላስገደደኝም። በሁለተኛው ዓመት ጎረቤቶቹ የእሱን ወረቀት ፎቶ ኮፒ ይዘው ተሰለፉ። «ለእሱ የተፈቀደ ለእኛ ለምን?» አሉ። ምን መልስ አለኝ? ሰባት ይዞታ ታጠፈ። ከዚያ መንገድ የሚሠሩት መጡና ለድልድይ የሚሆን ስፋት ስለጠፋ ጅረቷን ቱቦ ውስጥ ከተቷት። ክረምት ሲመጣ ቱቦው ሞላና ውኃው መጀመሪያ የገባው የዚያ ደግ ሰው ወርክሾፕ ነው።

ስለዚህ ለእኔ ስፋቱ ሁለተኛ ጥያቄ ነው። የመጀመሪያው «ሳይቋረጥ ከጫፍ እስከ ጫፍ ይደርሳል ወይ?» የሚለው ነው። 50 ሜትር ሆኖ ሦስት ቦታ ከተቆረጠ መስመር ይልቅ 20 ሜትር ሆኖ ያልተቆረጠውን እመርጣለሁ።

አሁን ወደ ሜትሩ። አለቃህ 15 ሲሉ ከየት ጀምረው እንደሚለኩ ጠይቃቸው። ከወንዙ መሐል? ከውኃው ጠርዝ? ከገደሉ አፋፍ? ሸለቆው ጥልቅ በሆነበት ቦታ ከወንዙ መሐል 15 ሜትር ብትለካ ያስመርከው አየር ላይ ነው፤ ቤቱ አፋፉ ላይ ይሠራና አፈሩ በክረምት ይናዳል። ሸለቆ ባለበት ከአፋፉ ለካ። ሜዳ በሆነበት ደግሞ ወንዙ ራሱ ይነግርሃል። ነሐሴ ውስጥ ቦት ጫማህን አድርገህ ከላይ እስከ ታች በእግርህ ሂድ። ቁጥቋጦው ላይ ፌስታል ተንጠልጥሎ ታያለህ፤ ያ ፌስታል ውኃው የደረሰበት ከፍታ ነው። የትኛውም ሶፍትዌር እንደ ፌስታል እውነቱን አልነገረኝም። በየሃምሳ እርምጃው መዝግበው። ያ መነሻህ ነው እንጂ መድረሻህ አይደለም፤ ከዚያ ወዲህ ሥርና ጥላ የሚይዝ ቦታ ጨምርበት። በጥር እንደገና ሂድ፤ ከብት የሚሻገርበትን፣ ሴቶች ልብስ የሚያጥቡበትን፣ ሸለቆው የሚጠብበትን አንገት አንገቱን ምልክት አድርግ። ገንዘብም ጉልበትም የሚገባው እዚያ አንገቱ ላይ ነው፤ ሌላው ቦታ ለጊዜው ራሱን ይጠብቃል።

ቀጥሎ ካርታው። በከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574/2000 የመላ ከተማው መዋቅራዊ ፕላንና የየሰፈሩ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባሉ ሁለት ደረጃዎች እንዳሉ ታውቃለህ። ብዙ ጊዜ አረንጓዴው መስመር የሚሞተው በሁለቱ መካከል ነው። መዋቅራዊ ፕላኑን በ1፡25,000 ልኬት ብታትመው 30 ሜትርህ 1.2 ሚሊ ሜትር ነው፤ የእስክሪብቶ ውፍረት ማለት ነው። እዚያ ላይ ተማምነህ ከተኛህ ቦታ ሲሰጥ እስክሪብቶው ወዴትም ይታጠፋል። መስመሩ ወደ አካባቢ ልማት ፕላኑ መውረድ አለበት፤ ከዚያ ነጥብ በነጥብ ካዳስተሩ፣ የይዞታ ወሰን መዝገቡ፣ ላይ፤ ከዚያ መሬት ላይ በኮንክሪት ችካል። ከችካሉ በኋላ የሚመጣ ሰው ካንተ ጋር አይከራከርም፤ ከችካሉ ጋር ነው።

በመቶኛም አትታለል። የአዲስ አበባ መዋቅራዊ ፕላን 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴ፣ 40 በመቶ ለግንባታ ይላል። ጥሩ ነው። ነገር ግን የመንገድ አካፋዩን፣ አደባባዩን፣ የመቃብር ቦታውን፣ የስታዲየሙን ሣር ደምረህ 30 ልትሞላ ትችላለህ፤ አንዷ ጦጣ እንኳ ከአንዱ ወደ አንዱ ሳትደርስ። ለምክር ቤቱ ስታቀርብ ከመቶኛው ጎን ሌላ ቁጥር ጨምር፦ «ከዚህ ደን ተነሥቶ አስፋልት ሳይረግጥ እስከየት ይኬዳል?» ይህን ቁጥር የሚጠይቅ የምክር ቤት አባል እስካሁን አልገጠመኝም፤ አንድ ጊዜ ካሳየሃቸው ግን አይረሱትም።

ወንዝ ዳር ስላሉት ሰዎችም ዝም አልልም። ሸለቆ ውስጥ ቤት የቀለሰው ደሃ ሌላ ቦታ ስላጣ ነው። ለእሱ ምትክና ካሳ ሳትይዝ አረንጓዴ ቀለም አትቀባ። ደግሞ ጎመንና ቆስጣ የሚያለሙትን ለማንሣት አትቸኩል። እኔ መካኒሳ አካባቢ የአትክልት ማሳዎቹን ባየሁ ቁጥር ይኸው ማሳ ባይኖር ዛሬ ግንብ ይሆን ነበር እላለሁ። ችግሩ የሚያጠጡት ውኃ ነው፤ ከፋብሪካና ከመጸዳጃ የሚመጣ መርዝ ይዟል። ውኃው እስኪጸዳ ለምግብ ሳይሆን ለችግኝና ለአበባ ቢሠሩበት መሬቱም ክፍት ይሆናል፣ እነሱም ይኖራሉ።

ለባለሀብቶቹ ለምን ቀድመህ እምቢ ማለት እንዳለብህ የናይሮቢን ልንገርህ። ከከተማው ጥግ 117 ካሬ ኪሎ ሜትር ፓርክ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1946 የተከለለ። በከተማው በኩል ታጥሯል፤ በደቡብ በኩል እንስሳቱ ወደ ኪተንጌላ ሜዳ እንዲወጡ ክፍት ነው። ፓርኩን ጠበቁት፤ መተላለፊያው ግን የግለሰቦች መሬት ነበርና እየተሸነሸነ ታጠረ። በዚያ ሜዳ ይሰደዱ የነበሩት ዊልደቢስት የሚባሉ ትልልቅ ሣር በል የዱር እንስሳት እ.ኤ.አ. በ1978 ከ26,000 በላይ ነበሩ፤ በ2011 ከ3,000 በታች ሆኑ። ከ2000 ጀምሮ መሬቱን ላላጠረ የማሳይ አርብቶ አደር በኤከር በዓመት 4 ዶላር የሚከፍል ፕሮግራም ተጀምሮ ነበር። ሐሳቡን እወደዋለሁ፤ ክፍት አድርጎ ለሚጠብቅ ሰው መክፈል ተገቢ ነው። ግን የመሬቱ ዋጋ ሰማይ ከነካ በኋላ 4 ዶላር ምን ያደርጋል? ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሆነ። ያንተ ከተማ ገና ትንሽ ናት፤ የወንዝ ዳሩ መሬት አሁን የሚያወጣውን ዋጋ ከአሥር ዓመት በኋላ ካለው ጋር አስበው።

ቁጥር ካላልኩ እንደማትተወኝ አውቃለሁ። እኔ ብሆን ከፌስታሉ ወይም ከአፋፉ ጀምሬ 30 አሰምራለሁ፤ አንገቱ ላይ የግድ ከሆነ እስከ 15 እወርዳለሁ፤ ሁለት ጅረቶች የሚገናኙበት ላይ 50ውን የመምህርህን እወስዳለሁ። ለማንም፣ ለደግ ሰውም ቢሆን፣ አላጥፍም።

ጥያቄ፦ ውድ አምደኛ፣ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ እናቴ የሚኖሩበት ግቢ በስተጀርባ ወንዝ ይዋሰናል። ካርታው ላይ በደቡብ «ወንዝ» ይላል። አሁን ያለው አጥር ከውኃው ርቆ የቆመ ነው፤ መካከሉ ሣርና ቁጥቋጦ ሆኖ ሌባ ይደበቅበታል ይላሉ። በዚህ ክረምት መጥቼ እስከ ውኃው ድረስ ግንብ ላሠራ አስቤያለሁ። ሕጋዊ ነው?
አ. ተ.

መልስ፦ ካርታው ላይ በምሥራቅ በኩል የጎረቤትዎ ስም ተጽፎ የለም? የጎረቤትዎ ቤት የእርስዎ ነው ማለት ነው? «በደቡብ ወንዝ» ማለትም እንደዚያው ነው፤ ወንዙ ጎረቤትዎ ነው። የእርስዎን ልክ የሚነግርዎት በካሬ ሜትር የተጻፈው ስፋት ነው። አጥሩ ውስጥ ያለውን ይለኩ፤ ከካርታው ጋር ከገጠመ ከአጥሩ ወዲያ ያለው የእርስዎ አይደለም። መሬት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ ያለዎት የይዞታ መብት ነው፤ እሱም ካርታው ባለው ልክ። ግንቡን ቢሠሩ በአንድ ቀን ይፈርሳል፤ ባይፈርስ ደግሞ የሚያስፈራኝ ክረምቱ ነው።

የእናትዎን ስጋት ግን አላቃልልም። ብቻቸውን የሚኖሩ ከሆነ ቁጥቋጦ ከጀርባ መኖሩ እንቅልፍ ይነሣል። አጥሩን ባለበት ያጠናክሩት፤ መብራቱን ወደ ግቢው እንጂ ወደ ወንዙ አያዙሩት። ከአጥሩ ሥር እዚህም እዚያም ስንዝር የምታህል ቀዳዳ ይተዉ፤ ሙጭልጭላ ትለፍባት፤ አይጥ ትቀንስልዎታለች። ከአጥሩ ወዲያ ያለውን ከጎረቤቶች ጋር ሆነው፣ ወረዳውንም አስፈቅደው፣ እሾሃማውን ቀጋና አጋም ጥቅጥቅ አድርገው ቢተክሉበት ሌባ ከግንብ ይልቅ እሱን ይፈራል። ባሕር ዛፍ ግን ይቅርብዎት፤ ከሥሩ ሌላ ነገር እንዲበቅል አይፈቅድም።

በነሐሴ ከመጡ፣ ዝናቡ ጠንክሮ በጣለ ማግሥት ወደ ወንዙ ይውረዱ። ፌስታል የተንጠለጠለበትን ከፍተኛውን ቅርንጫፍ ይፈልጉ፤ ፎቶ አንሥተው ከቅርንጫፉ እስከ እናትዎ አጥር ስንት ሜትር እንደሆነ ይጻፉልኝ። ቁጥሩን ሳላይ ስለ ግንቡ ሌላ ቃል አልጨምርም።